ቤት በውክልና መግዛት ወይስ ስም አዛውሮ?

አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም ሲገዙ ደላላው ቶሎ የሚያቀርበው ሐሳብ አለ፦ «ለጊዜው በውክልና ይያዙት፤ ስሙ በኋላ ይዞራል።» ወጪው ስለሚቀንስ ያጓጓል። ስም ሲዞር 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ አለ። ቤቱ ሲከራይ የቆየ ከሆነ ደግሞ የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ በሽያጩ ትርፍ ላይ 15 በመቶ ግብር አስቀምጧል። የዚህ የትርፍ ግብር ከፋይ በሕጉ ሻጩ ነው፤ በድርድር ግን ብዙ ጊዜ ገዢው ላይ ይወድቃል።

ውክልና ግን ባለቤት አያደርግም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ወካዩ፣ ማለትም ሻጩ፣ በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል። ከሞተም ውክልናው ይቋረጣል። ከዚያ ወራሾች ይመጣሉ። ካርታው ላይ ያለው የአባታቸው ስም ነው፤ እርስዎ የያዙት ወረቀት ደግሞ ሥራውን አቁሟል። ሻጩ ዕዳ ካለበትም ቤቱ በስሙ ስለሆነ ሊታገድ ይችላል።

ስም ማዛወር በእርግጥ ያመላልሳል። ዕዳና እገዳ ይጣራል፤ ውሉ ሰነዶች ማረጋገጫ ቀርቦ ይፈረማል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ስምምነት ይጠየቃል፤ ይህ ብቻውን ስንት ክርክር ያስቀራል!

እኔ ስም ማዛወሩን እመርጣለሁ። ሻጩ ውጭ አገር ሆኖ ውክልና የግድ ከሆነ፣ ስሙ እስኪዞር ከክፍያው ዳጎስ ያለውን ይያዙ፤ ይህም በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ።