የጠራ ውኃ ወይስ የደፈረሰ? የእንቁራሪት እጭ የት ይሻለዋል?

በጠራ ውኃ ውስጥ ብርሃን እስከ ታችኛው ድንጋይ ይዘልቃል፤ ድንጋዩም አልጌ ያበቅላል። እጩ በአፉ ዙሪያ በተደረደሩ ጥቃቅን ጥርሶች ያንን ፍቆ ይመገባል።

በደፈረሰው ግን ደለል ብርሃኑን ይጋርዳል፤ አልጌው ይሳሳል። በተረፈው ላይም ደለል ስለሚያርፍ እጩ ከምግቡ ጋር አፈር ይውጣል። ሆዱ ሞልቶ ሰውነቱ ይራባል፤ እኔን ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ደቃቁ አፈር የሚተነፍስበትን ስንጥብም ሊያውክ ይችላል። ዕድገቱ ሲጓተት፣ ኩሬው ሳይደርቅ እግር አውጥቶ ወደ የብስ የመውጣት ዕድሉ ይጠብባል።

እርግጥ ድፍርሱ በዓይናቸው ከሚያድኑ ዓሦችና ወፎች ይሸሽገዋል። ዝናብ አደፍርሶት በቀናት ውስጥ የሚጠራ ውኃም ብዙ አያሰጋም። ዳርቻው ተራቁቶ ደለል ሳያቋርጥ የሚወርድበት ኩሬ ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ዳር ዳሩን ሣርና ቁጥቋጦ መትከል ያስፈልጋል።