ስምንት ወር ከፋየርፎክስ ጋር፦ የአድራሻው ሳጥን ያስታወሰብኝ ነገር

ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና ኮፒ ቤት አለችኝ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ላሚኔሽን ማሽን። ሰው የሚመጣው ማመልከቻ ሊያስጽፍ፣ የፓስፖርት ፎርም ሊያስሞላ፣ ዲቪ ሊያይ፣ የልጁን የ12ኛ ክፍል ውጤት ሊያሳይ ነው። እኔ ቤት ብሮውዘሩ (ድረ ገጽ የሚከፍተው ፕሮግራም) እንደ ሥጋ ቤት ሚዛን ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሥራ አይፈታም፣ የማይነካውም ሰው የለም።

ፋየርፎክስ የሚባለውን ብሮውዘር የጫንኩት በሰኔ ነበር። ምክንያቴ ቀላል ነው፤ አሮጌው ኮምፒውተሬ ዊንዶውስ 7 ነው። ክሮም በዊንዶውስ 7 ላይ ከ109ኛው እትም አላለፈም። ፋየርፎክስ ደግሞ ኢኤስአር በሚባለው፣ ረዘም ላለ ጊዜ ድጋፍ በሚሰጠው 115ኛ እትሙ ለእነዚህ አሮጌ ማሽኖች የደኅንነት ማስተካከያ መላኩን ቀጠለ። የሰው መታወቂያና ስልክ ቁጥር የሚጻፍበት ማሽን ላይ ይሄ ተራ ነገር አይደለም። ሁለተኛው ኮምፒውተር ዊንዶውስ 10 ስለሆነ የቅርቡን እትም ይቀበላል።

ስለ ፍጥነቱ ብዙ የምለው የለኝም። 4 ጂቢ ራም ባለው ማሽን ላይ ስድስት ሰባት ታብ ድረስ ደህና ነው፣ ከዚያ በላይ ከተከፈተ ያቃስታል። ማቃሰቱ ደግሞ የማሽኑ እርጅና ነው። ዛሬ ላወራ የመጣሁት ስለ አድራሻው ሳጥን፣ ከላይ የድረ ገጽ አድራሻ ስለሚጻፍበት ቦታ ነው፤ ስምንቱን ወር ሙሉ ያጣላኝም ያስታረቀኝም እሱ ነው።

ነገሩ የጀመረው በኅዳር ነው። በኅዳር ጠዋት ደብረ ብርሃን ውርጩ እንዴት እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ጣት ኪቦርድ ላይ ደንዝዞ ይቀራል። በየቀኑ የምንገባበትን የአንድ መሥሪያ ቤት የምዝገባ ገጽ አድራሻ ስጽፍ አንዲት ፊደል ዘለልኩ። የተከፈተው ማስታወቂያ ብቻ የተደረደረበት ባዶ ገጽ ነው። ዘግቼ በትክክል ጻፍኩና ረሳሁት።

ብሮውዘሩ ግን አልረሳም። በማግስቱ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደላት ስነካ የቀረውን ራሱ ሞላልኝ፤ የሞላው የተሳሳተውን ነው። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ደግሞ ችኩል ነው፣ ሁለት ፊደል ነክቶ ኢንተር ይመታል። ማስታወቂያው ይከፈታል፣ ይዘጋዋል፣ መልሶ ይጽፋል። በሳምንቱ ትክክለኛው አድራሻ ወደ ታች ወርዶ የተሳሳተው አናት ላይ ተቀመጠ።

ለምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ፋየርፎክስ ገጾቹን ደረጃ የሚሰጣቸው ስንት ጊዜ እንደገባችሁባቸውና በምን ያህል ቅርብ ጊዜ እንደገባችሁ አጣምሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ሦስተኛው እትም የመጣ አሠራር ነው፤ አድራሻውን ብቻ ሳይሆን የገጹን ርዕስና ቡክማርኩንም (ለኋላ ብላችሁ ያስቀመጣችሁትን አድራሻ) አብሮ ይፈልጋል። ታዲያ ልጁ ኢንተር በመታ ቁጥር ስህተቱን እያበላው ነበር። ሳጥኑ የሚገምት መስሎን ነበር እንጂ የሚያደርገው እኛኑ መልሶ መጥራት ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሁለቱን ፊደል ትጽፋላችሁ፣ ዝርዝሩ ሲወርድ በታች ቀስት የተሳሳተው ላይ ትቆማላችሁ፣ ሺፍትና ዲሊትን አንድ ላይ ትጫናላችሁ። ጠፋ። በአዲሱ እትም ከመስመሩ ጫፍ ሦስት ነጥቦች አሉ፣ እነሱን ነክቶ ከሂስትሪ (ከገባችሁባቸው ገጾች መዝገብ) አስወግድ ማለትም ይቻላል።

ጠፋ ብዬ ደስ ሲለኝ በማግስቱ ተመልሶ መጣ። አጠፋሁት፣ መጣ። ሦስተኛው ላይ ቫይረስ ነው ብዬ ማሽኑን ላስፈትሽ ስል ከመስመሩ ጎን ያለችውን ትንሽ ኮከብ አየሁ። ኮከብ ማለት ቡክማርክ ማለት ነው። ልጁን ጠየቅሁት።

«አዎ ጋሼ፣ ኔቱ ስለተንቀራፈፈ ገጹ ሳይከፈት ነው ኮከቧን የነካኋት፤ ለነገ ይቀለናል ብዬ።»

ሺፍትና ዲሊት የሚሠራው ሂስትሪ ላይ ነው፤ ቡክማርክ የተደረገውን አይነካም። ቡክማርኩን ስሰርዘው ነገሩ አበቃ። እንዲህ ያለ ግትር አድራሻ ያስቸገረው ሰው ሌላ ከመሞከሩ በፊት ከጎኑ ያለችውን ምልክት ይይ። ኮከብ ከሆነ ቡክማርክ ነው። ሰዓት ከሆነ ከዚህ በፊት የፈለጋችሁት ቃል ነው። አጉሊ መነጽር ከሆነ ደግሞ ከፍለጋ ድረ ገጹ የመጣ ስለሆነ የእናንተ ሂስትሪ ውስጥ ብትፈልጉት አታገኙትም።

በዚህ መሃል አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ። ሂስትሪውን በሙሉ በሚያሳየው መስኮት ውስጥ አንድን ድረ ገጽ በቀኝ ክሊክ «እርሳው» የማለት ምርጫ አለ። ጥሩ ነገር መስሎኝ በኢሜይላችን ገጽ ላይ ሞከርኩት። ሂስትሪውን ብቻ ሳይሆን ኩኪውንም (ገጹ ማን መሆናችሁን የሚያስታውስበትን መረጃ) ጠርጎ ከኢሜይሉ አስወጣኝ። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ የይለፍ ቃል የተጻፈበትን ደብተር ፍለጋ መሳቢያ መገልበጥ ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም። ለተሳሳተው አድራሻ ይሁን፤ ለምትሠሩበት ገጽ አይሁን።

እስካሁን ያወራሁት የኛ የራሳችን ጣጣ ነው። የደንበኞቹ ይከብዳል።

ግዕዝ ኪቦርድ ሳይቀየር ተረስቶ ፌስቡክ ሊገባ ኤፍና ቢ የሚነካ ሰው «ፍብ» ጽፎ ያገኘዋል። ኢንተር ሲመታ ወደ ፍለጋ ይሄዳል፣ ፍለጋውም ይመዘገባል። የኛ ቤት ዝርዝር በፍብ ተሞልቶ ነበር። አንድ ቀን አንዲት የሰፈራችን እናት ከውጭ ያለው ልጃቸው የላከውን ፎቶ በፌስቡክ ሊያዩ መጡ። እኔም «ፍ» ከማለቴ ከታች ወረደ፦ ፍብ፣ ፍብ ሎጊን፣ «ፍቺ ለመጠየቅ የሚያስፈልጉ ሰነዶች»።

እሳቸው መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ይሄ ፍቺ የሚለው የማን ነው?»

«ከኢንተርኔቱ የመጣ ነው እማማ» አልኩ። መዋሸቴ ነው። የማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጠዋት ከእሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ምናልባት እሳቸውም ስትወጣ አይተዋታል። ደብረ ብርሃን አድጋለች ይባላል፣ አድጋለችም፤ ግን በአንድ ኮፒ ቤት ጠዋትና ከሰዓት የሚገቡ ሰዎች እንዳይተዋወቁ ያህል አላደገችም።

ያን ማታ ሱቁን ዘግቼ ሴቲንግ ውስጥ ገባሁ። በአዲሱ እትም «ሰርች» በሚለው ገጽ ወረድ ብሎ የአድራሻ ሳጥኑ ክፍል አለ፤ በ115ኛው እትም ግን «ፕራይቬሲ» ውስጥ ነው። አንዱ ማሽን ላይ አግኝቼ ሌላው ላይ ሳጣው ግማሽ ሰዓት በከንቱ ሄደ። እዚያ የሂስትሪ፣ የቡክማርክ፣ የተከፈቱ ታቦች ምልክት ማድረጊያ አለ። ሂስትሪንና ታቦችን አጠፋሁ፣ ቡክማርክን ብቻ ተውኩ። ቀጥሎ የሂስትሪውን አያያዝ ወደ «ከስተም» ቀይሬ የፍለጋና የፎርም ትዝታ እንዳይዝ፣ ሲዘጋም ሂስትሪውን እንዲጠርግ አደረግሁ። በመጨረሻ ሥራ የምንሠራባቸውን አሥራ ሁለት ገጾች አንድ በአንድ ከፍቼ፣ አድራሻቸውን ፊደል በፊደል አይቼ ቡክማርክ አደረግኋቸው። አሁን ሁለት ፊደል ስንነካ ሳጥኑ የሚሞላልን ከአሥራ ሁለቱ አንዱን ነው። ኮከብ ምልክት (*) ጽፋችሁ ክፍት ቦታ ካስከተላችሁ ቡክማርክን ብቻ ይፈልጋል፤ (^) ሂስትሪን፣ (%) የተከፈቱ ታቦችን። ልጁ ይችን በአንድ ቀን ለመዳት፤ እኔ አሁንም እረሳታለሁ።

ራስ በራስ መሙላቱን ጨርሶ የማይፈልግ ሰው በአድራሻው ሳጥን አባውት ብሎ፣ ሁለት ነጥብ አድርጎ፣ ኮንፊግ ጽፎ ከሚገባበት የቅንብር ገጽ ኦቶፊል የሚለውን ፈልጎ ማጥፋት ይችላል። እኔ አላጠፋሁትም። ትክክለኛውን እስከሞላ ድረስ በውርጭ ጠዋት የሚያተርፍልኝን ጣት እኔ ነኝ የማውቀው።

አንድ ነገር ግን ይታወቅ፤ ብዙ ሰው ፕራይቬት መስኮት ከከፈተ ያለቀለት ይመስለዋል። ፕራይቬት መስኮት አዲስ ነገር አይመዘግብም እንጂ፣ ቀድሞ የተመዘገበውን ሂስትሪና ቡክማርክ በአድራሻው ሳጥን ማሳየቱን አይተውም። ያቺ ሴት የፈለገችውን በፕራይቬት ብትፈልግ ኖሮ እማማ አያዩትም ነበር፤ እሷ ግን ከእሷ በፊት የተቀመጠው ሰው የገባባቸውን ገጾች ታይ ነበር። በዚህ በኩል የክሮም የእንግዳ መስኮት ይበልጣል፤ የባለቤቱን ሂስትሪም ቡክማርክም አያሳይም፣ ሲዘጋ ሁሉንም ይጥላል። ማሽኑ ለደንበኛ ብቻ ከሆነና ዊንዶውሱ አዲስ ከሆነ እሱን ያዙ እላለሁ። እኔ ግን እኔም ደንበኛም በአንድ ወንበር ስለምንፈራረቅ፣ አሮጌዋም ማሽን ገና ስላልሞተች፣ ፋየርፎክስ ላይ ነኝ፤ የምቀይርም አይመስለኝም።

በአጉሊ መነጽር የሚመጡትን የፍለጋ ሐሳቦች ሆን ብዬ ትቻቸዋለሁ። «ፓስፖርት እ» ብሎ ቀሪውን እንዴት እንደሚጽፍ የሚጨነቅ ደንበኛ «እድሳት» የሚለውን ከታች ሲያገኝ ፊቱ ይፈታል። ፍብ ግን ዛሬም በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይጻፋል፤ ልዩነቱ ማታ ስንዘጋ አብሮን መዘጋቱ ነው።