ለግቢ ኮብልስቶን ወይስ ሊሾ?

የግቢው አፈር መረሬ ከሆነ ብዙ መከራከር አያስፈልግም፤ ኮብልስቶን ይሻላል። ጥቁር አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ ሊሾውም አብሮት ይሰነጠቃል። ኮብልስቶን ከሰመጠ ግን የሰመጠውን ነቅሎ፣ ከሥሩ ሞልቶ መልሶ መትከል ነው። የውኃ ቱቦ ሲፈነዳም እንዲሁ። የተቆፈረ ሊሾ ጥጋኑ ሁልጊዜ ያስታውቃል።

የኮብልስቶን ጣጣው ከሥሩ ነው። ለም አፈሩ ተጠርጎ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ገረጋንቲ (ጠጠራማ የመሙያ አፈር) ውኃ እየተረጨ ይጠቀጠቃል፤ ከላዩ 5 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ይበቃል። አንዳንድ ሠራተኛ የገረጋንቲውን ጉድለት በአሸዋ ይሸፍናል (ሲያስረክብ ያምራል!)፤ ከዚያ የመኪና ጎማ የሚያልፍበት መስመር ይሰረጉዳል። ዳርና ዳሩ በሲሚንቶ የታሰረ ጠርዝ ከሌለው ደግሞ ድንጋዩ ወደ ውጭ ይሸሻል።

ሊሾ የሚያሸንፈው በጽዳት ነው፦ ልብስ ለሚታጠብበት፣ በርበሬ ለሚሰጣበት፣ ወንበር ለሚዘረጋበት ቦታ። ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ድብልቁ 1 ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 4 ጠጠር፤ በየ3 ሜትሩ መከፋፈያ መስመር ይተውለት፣ ቢያንስ 7 ቀን ውኃ ይጠጣ። ፊቱ እንደ መስታወት ከለሰለሰ በዝናብ ያንሸራትታል፤ እርጥብ እያለ በመጥረጊያ ይጫር።

ሁለቱም በሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ተዳፋት ይፈልጋሉ፣ ከቤቱ ወደ ቦዩ።