የአልጀብራ ታይልስ፦ ጥሩ ሐሳብ፣ ግድ የለሽ አሠራር

ሐዋሳ ፒያሳ ካለ አንድ ስቴሽነሪ ነው የገዛሁት። 850 ብር። የ9ኛ ክፍል ልጆች አስጠናለሁ። ኳድራቲክ (ኤክስ ስኩዌር ያለበት ጥያቄ) ላይ ስንደርስ ሁሌም ያው ነው፤ «ተደምረው 5፣ ተባዝተው 6 የሚሆኑ ሁለት ቁጥሮች» የሚለውን ይሸመድዳሉ፣ ለምን ሲባሉ ጭጭ።

ሳጥኑ ውስጥ ሦስት ዓይነት ፕላስቲክ አለ። የሚጠሩት በስፋታቸው ነው፦ ትልቁ ካሬ ኤክስ ስኩዌር፣ ቀጭኑ (ርዝመቱ ኤክስ፣ ወርዱ 1) ኤክስ፣ ትንሿ ካሬ 1። ፊታቸው ሰማያዊ፣ ጀርባቸው ቀይ፤ ቀዩ ኔጋቲቭ ነው።

ለአንዷ ተማሪዬ ኤክስ ስኩዌር ሲደመር 5ኤክስ ሲደመር 6 ሰጠኋት። ሥራው ሁሉንም ቁራጭ ክፍተት የሌለው ሬክታንግል አድርጎ መግጠም ነው። አራቱን ቀጫጭኖች በቀኝ፣ አንዱን ከታች አደረገች። ጥጉ አራት ትንንሽ ብቻ ያዘ፤ ሁለቱ ሜዳ ላይ ቀሩ። አንዱን ቀጭን ከቀኝ አንስታ ወደ ታች ስታዞረው ጥጉ ሦስት በሁለት ሆነ፣ ስድስቱም ግጥም አሉ። ጎኖቹ ኤክስ ሲደመር 3 እና ኤክስ ሲደመር 2። «እንዴ! ፋክተር የሚሉት ጎኑን ነው?» አለችኝ። አዎ፣ ጎኑን ነው፤ ሁለቱ ጎኖች ሲባዙ ሬክታንግሉን ይሰጣሉ።

አዲስ ፈሊጥ እንዳይመስላችሁ። የባግዳዱ የሒሳብ ሊቅ አልኽዋሪዝሚ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ኤክስ ስኩዌር ሲደመር 10ኤክስ እኩል ይሆናል 39 የሚለውን በሥዕል አስረድቷል። 10ኤክሱን ለሁለት ከፍሎ በካሬው ሁለት ጎን ለጠፈ፣ የጎደለውን ጥግ በ25 ሞላ። 64 መጣ፤ ጎኑ 8፣ ኤክስ 3።

ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። የቀጭኑ ርዝመት ልክ አምስት ትንንሽ ካሬ ነው። ልጆቹ ደርድረው ይለኩና «ኤክስ 5 ነው» ብለው ድርቅ ይላሉ። በደንብ የተሠራ ታይል ላይ ኤክስ በትንንሾቹ ሲለካ ሆን ተብሎ እኩል እንዳይወጣ ይደረጋል። ይሄን የሠራው ሰው አላስተማረም መሰለኝ።

ኔጋቲቭ ሲመጣም ይከብዳል። ለኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ ኤክስ ሲቀነስ 6 አንድ ቀይ ቀጭን አይበቃም። ሁለት ሰማያዊና ሁለት ቀይ ትጨምራላችሁ፤ ስለሚጣፉ ዋጋው አይለወጥም። ደከም ያለ ልጅ እዚህ ጋ ይጠፋበታል። እኔ ታይሉን ትቼ ደብተር ላይ ባለ አራት ክፍል ሳጥን እሥላለሁ።

ካርቶን ቆርጣችሁ ራሳችሁ ብትሠሩትም ይሆናል፦ ትንሿ 2 ሳንቲሜትር፣ ኤክስ 9.3። በረንዳ ላይ የምታስጠኑ ከሆነ ግን ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ካርቶኑን ይዞት ይሄዳል፤ ፕላስቲኩ ንቅንቅ አይልም። ትንንሾቹ 20 ብቻ ስለሆኑ መጨረሻው 24 የሆነ ጥያቄ አይሠራም። ለብቻ ሽጥልኝ ብለው ባለሱቁ እምቢ አለ።