ለሞዴል ባቡር ዴፖ መብራት፦ የፋብሪካ ፖል፣ ስትሪፕ ወይስ ሽቦ የተበየደለት ኤልኢዲ?

ሞዴል ባቡር የሚሠሩ ጓደኞቼ ዴፖው (የሎኮሞቲቮች ማደሪያና መጠገኛ) ጋ ሲደርሱ ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «መብራቱን በምን ልሥራው?» የኔም መልስ አንድ ነው። ሽቦ የተበየደላቸውን ትንንሽ ኤልኢዲዎች በጅምላ ግዙ። ሬዚስተር (የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚቀንስ ትንሽ ዕቃ) ለብቻው ግዙ። ፖሉንና የመብራቱን ቆብ ራሳችሁ ሥሩ። ሌሎቹን አማራጮች በእጄ ነክቼ፣ ጠግኜ፣ አንዳንዶቹንም ጥዬ ነው ይህን የምለው። ስለዚህ ሚዛኔ ወደ አንድ ወገን ማድላቱን ከአሁኑ እወቁልኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከቁጥር ነው። አንድ ትንሽ የገጠር ጣቢያ በሦስትና በአራት መብራት ያምርበታል። ዴፖ ግን ሌሊትም የሚሠራበት ቦታ ነው። እሳት ይለኮሳል፣ አመድ ይጠረጋል፣ ውሃና ከሰል ይጫናል፣ መካኒክ ሎኮሞቲቭ ሥር ይገባል። ባለ ሦስት መስመር ጋራዥ እንውሰድ። በየመስመሩ ሦስት ሦስት መብራት ቢሰቀል 9 ይሆናል። የፍተሻ ጉድጓዶቹ 4 ይፈልጋሉ። ግቢው ላይ ቢያንስ 6 ፖል ይቆማል። ከሰል መጫኛው፣ የውሃ ማማው፣ የአሸዋ ቤቱ፣ ቢሮውና የሠራተኞቹ ክፍል አንዳንድ ቢደርሳቸው 5። ድምሩ 24። እንግዲህ ማንኛውንም የመብራት ዋጋ ስታዩ በ24 አባዙት። የአንዷን ዋጋ ብቻ አይታችሁ «ይቺማ ምን አላት» ካላችሁ ተሸወዳችሁ።

እንደ ቪስማንና ብራዋ ያሉ የጀርመን ፋብሪካዎች የሚሠሯቸው ፖሎች ያምራሉ። ይህን የሚክድ የለም። ቀጫጭን ናቸው፣ አንገታቸው በልኩ የታጠፈ ነው፣ ከእውነተኛው ፖል ጋር ይመሳሰላሉ። ግን ዋጋቸው! በአንዱ ፖል ዋጋ 100 ባዶ ኤልኢዲ፣ 100 ሬዚስተርና አንድ ጥቅል ሽቦ ገዝታችሁ መልስ ትቀበላላችሁ። የ24ቱ ሲደመርማ ጥሩ ባለ ድምፅ ሎኮሞቲቭ ይገዛል። መብራት ደርድሮ፣ ከሥሩ የሚቆም ሎኮሞቲቭ መግዣ ማጣት ደግሞ ምን ይጠቅማል?

ከዋጋው ሌላ የጥገናው ጉዳይ አለ። ጭንቅላቱ በማስቲሽ ታሽጎ የመጣ ፖል፣ ማንም ይሥራው ማን፣ ውስጡ ያለው ብርሃን ሲሞት ለመክፈት አስቸጋሪ ነው። ስትከፍቱት ቆቡ ይጣመማል፣ ቀለሙ ይነሳል። በግቢው መሐል አንድ ፖል ጠፍቶ ሌሎቹ ሲበሩ ደግሞ ዐይን የሚያርፈው የጠፋው ላይ ነው። ራሳችሁ የሠራችሁትን ግን በምን እንደተጣበቀ ስለምታውቁ በትንሽ ጊዜ ፈትታችሁ ትመልሱታላችሁ።

ዋጋውን ለመሸሽ ያገለገለ ፖል የሚገዙም አሉ። ያገለገለ ስትገዙ መጀመሪያ ውስጡ ያለው ኤልኢዲ ነው ወይስ የጥንቱ የክር አምፖል የሚለውን ጠይቁ። የክር አምፖል ከሆነ በ12 ቮልት 50 ሚሊአምፔር ገደማ ይጠጣል። ለ24 መብራት 1.2 አምፔር ማለት ነው። ኤልኢዲ በ3 ሚሊአምፔር ቢሠራ 24ቱ በአንድ ላይ 72 ሚሊአምፔር ብቻ ይወስዳሉ። ልዩነቱ ከ16 እጥፍ በላይ ነው። ኃይሉን የምትስቡት ከሐዲዱ ከሆነ ያ 1.2 አምፔር ሁለትና ሦስት ሎኮሞቲቭ የሚያስኬድ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው «ቡስተር (ለሐዲዱ ኃይል የሚጨምር መሣሪያ) ያስፈልገኛል» የሚል ሌላ ወጪ ነው። ሙቀቱም አይናቅም፤ አንዱ አምፖል 0.6 ዋት ያመነጫል። ከፕላስቲክ ጣሪያ ጋር ተጠግቶ ለረጅም ሰዓት ከበራ ጣሪያው ይለሰልስና ይጣመማል። የክር አምፖል እጃችሁ ላይ ካለ፣ ከ12 ቮልት ይልቅ በ9 ቮልት አብሩት። ቀላ ያለ ደስ የሚል ብርሃን ይሰጣል፣ ዕድሜውም በጣም ይረዝማል። አዲስ ግን አትግዙ።

አሁን ወደ ኮፒዎቹ ልምጣ፤ የብዙ ሰው ገንዘብ የሚቀልጠው እዚህ ነው። በአሥር በሃያ ታሽገው የሚሸጡ፣ የፋብሪካውን ፖል መልክ የያዙ ናቸው። ዋጋቸው የኦርጂናሉ ሩብ እንኳ ስለማይሆን ያጓጓሉ። ከገዛኋቸው መካከል ማሸጊያው ላይ «12 ቮልት» ተብሎ ተጽፎ፣ ውስጡ ሬዚስተር የሌለው ባዶ የ3 ቮልት ኤልኢዲ የሆነ ነበረ። 12 ቮልት ሲሰጠው ብልጭ አለና አለቀ። በሌላው የነሐስ ቱቦው ራሱ እንደ ኔጋቲቭ ሽቦ ያገለግላል። ይህ ለጣቢያ ምንም ላይሆን ይችላል። ዴፖ ውስጥ ግን ሐዲዱ፣ የብረት መሰላሉ፣ የማዞሪያው (ሎኮሞቲቭ የሚዞርበት ክብ መድረክ) አጥር ሁሉ ይነካካል። ፖሉ በአጋጣሚ ሐዲድ ከነካ ሾርት ያደርግና ማን ምን እንደነካ ፍለጋ ትገባላችሁ። ቀለሙም ችግር አለበት። ከአንድ እሽግ የወጡት ግማሾቹ ቢጫ፣ ግማሾቹ ወደ ሰማያዊ የሚያደሉ ሆነው አግኝቻለሁ።

ቁመታቸውንም በማስመሪያ ለኩ። 7 ሜትር የሚሆን የግቢ ፖል ኤችኦ በሚባለው የሞዴል መጠን፣ ማለትም በ1:87፣ 80 ሚሊሜትር ነው። በኤን፣ በ1:160፣ ደግሞ 44 ሚሊሜትር። ማሸጊያው ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳይሆን ማስመሪያውን እመኑ።

ስትሪፕ፣ ማለትም ኤልኢዲ የተደረደረበት ጥብጣብ፣ ለአንድ መብራት ነጥብ ሲሰላ ከሁሉም ይረክሳል። ይህን አልክድም። ብዙ ሰው የሚገዛው ባለ 12 ቮልቱ በየሦስት ኤልኢዲው ይቆረጣል፣ ሬዚስተሩም ላዩ ላይ አለ። ብየዳው ሁለት ነጥብ ብቻ ነው። ግን ርቀቱን አስሉት። በሜትር 60 ኤልኢዲ ያለው ስትሪፕ በየ16.7 ሚሊሜትሩ አንድ ብርሃን አለው። በ1:87 ሲሰላ በየ1.45 ሜትሩ አንድ መብራት መሆኑ ነው! የእንፋሎት ዘመን ጋራዥ ውስጥ እንዲህ ያለ ብርሃን አልነበረም። ጥቀርሻ የለበሰ ጣሪያ፣ እዚህም እዚያም የተንጠለጠለ አምፖል፣ በመካከሉ ጨለማ፤ የድሮ ዴፖ ይህ ነው። ስትሪፕ ያንን ጨለማ ይገድለዋል፤ የሱቅ መደርደሪያ እንጂ ዴፖ አይመስልም። ጀርባው ላይ ያለው ማጣበቂያም ከጊዜ በኋላ ይለቅና ስትሪፑ ሎኮሞቲቩ ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል።

ስትሪፕ የሚያዋጣው ለዘመናዊ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ጋራዥ ነው። እዚያ ቱቦ መብራት በረድፍ ስለሚሰቀል፣ ነጣ ያለውን ስትሪፕ ከብርሃን አደብዛዥ ፕላስቲክ ጀርባ አስቀምጣችሁ ቮልቱን ወደ 9 ወይም 10 ብታወርዱት ጥሩ ይወጣል።

ታዲያ የኔ ምርጫ እንዴት ይሠራል? መጠናቸው 0603 ወይም 0805 የሚባሉትን ኤልኢዲዎች ፈልጉ። የመጀመሪያው 1.6 በ0.8 ሚሊሜትር፣ ሁለተኛው 2 በ1.25 ሚሊሜትር ነው። ለኤችኦ ሁለቱም ይሆናሉ፤ ለኤን ትንሹን ውሰዱ። ባዶውን ገዝቶ ራስ መበየድ ይበልጥ ይረክሳል። ግን ካውያ ለመያዝ እጃችሁ ገና ካልተፍታታ ተጨማሪውን ክፈሉና ሽቦው የተበየደለትን ግዙ። ተጨምሮበትም ከፋብሪካው ፖል ጋር የሚወዳደር ዋጋ አይደለም።

ሽቦው እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ በቫርኒሽ የተሸፈነ መዳብ ነው። እሽጉ እንደደረሳችሁ አንድ ሥራ አለባችሁ። ሲአር2032 የምትባለውን የ3 ቮልት ክብ ባትሪ ያዙ። የእያንዳንዱን ኤልኢዲ ሁለት ጫፍ በባትሪው ሁለት ፊት ላይ አስነኩ። ነጩ ኤልኢዲ ያለ ሬዚስተር በቀስታ ይበራል። የቱ ሽቦ ፖዘቲቭ እንደሆነም ያን ጊዜ ታውቃላችሁ። እየበራ ሳለ ሽቦውን በለስላሳው ሳብ አድርጉት። ብልጭ ድርግም ካለ ብየዳው ደካማ ነው፤ ለይታችሁ አስቀምጡት። ጥሩዎቹን ጀርባቸው ላይ ጠብታ ማስቲሽ አድርጉባቸው፣ ሽቦው ሲጎተት ብየዳው እንዳይነቀል። ከዚያ ሽቦውን በቀጭን የነሐስ ቱቦ ውስጥ አሳልፉ። ቱቦው ፖል ይሆናል። ከቆርቆሮ የተቆረጠች ክብ ደግሞ ቆብ ትሆናለች። ሁለቱም ሽቦ ቱቦው ውስጥ ስለሚሄድ ቱቦው ኤሌክትሪክ አይነካውም።

ሬዚስተሩ ላይ አትስነፉ። ነጭ ኤልኢዲ ወደ 3 ቮልት ይወስዳል። ከ12 ሲቀነስ 9 ይቀራል። 3 ሚሊአምፔር ከፈለጋችሁ 3000 ኦም ይወጣል፤ ገበያ ላይ የሚገኘው 3.3 ኪሎኦም ይበቃል። ለደብዛዛ መብራት 10 ኪሎኦም አድርጉ፤ 0.9 ሚሊአምፔር ብቻ ያልፋል፣ እሱም ለጋራዥ ውስጥ ብዙ ጊዜ በቂ ነው። ከእሽጉ ጋር 470 ኦም ከመጣላችሁ አትጠቀሙበት። 19 ሚሊአምፔር ያሳልፋል፣ ዴፖው ቀን ይሆናል። ደግሞ ለእያንዳንዱ ኤልኢዲ የራሱ ሬዚስተር ይኑረው። ብዙዎቹን ጎን ለጎን አገናኝቶ አንድ ሬዚስተር መስጠት ቁጠባ ይመስላል፤ ግን አንዱ ከሌላው የበለጠ ይስባል፣ ብርሃናቸውም አይመጣጠንም። የአንድ ሬዚስተር ዋጋ ከምንም የሚቆጠር አይደለም።

ለኃይል ምንጭ አዲስ ነገር አትግዙ። ከአሮጌ ራውተር የተረፈ የ12 ቮልት አዳፕተር ከበቂ በላይ ነው። ብቻ ክብደቱን አንሱና እዩት። ከባዱ፣ ውስጡ ትራንስፎርመር ያለው የድሮ ዓይነት «12» ተብሎ ተጽፎበት ጭነት ሳይኖረው 16 ቮልትና ከዚያ በላይ ሊሰጥ ይችላል። በቴስተር ለኩት። ቀላሉና አዲሱ ይሻላል። ከሐዲዱ ላይ ደግሞ አትሳቡ። የዲጂታል ሐዲድ ቮልት ወዲያና ወዲህ ይገለባበጣል፤ ኤልኢዲ ግን በግልባጭ የሚችለው ብዙ ጊዜ 5 ቮልት ብቻ ነው። ያለ መከላከያ ዳዮድ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ከተገናኘ ዕድሜው አጭር ነው።

ስለ ጋራዡ ግንባታ ጥቂት ልበል፤ ግድግዳው ካልተስተካከለ መብራቱም አይሆንም። የፕላስቲክ ኪት (ተገጣጣሚ ሞዴል) በዝርዝሩ ይበልጣል፣ ግን ብርሃን ያሳልፋል። ቀድሞ ውስጡ ጥቁር ካልተቀባ ማታ ግድግዳው ራሱ ይበራል። ጥቁሩ ሲደርቅ ከላይ ግራጫ ወይም የቆሸሸ ነጭ ደርቡ። በሌዘር የተቆረጠ እንጨትና ካርቶን ግድግዳው አያሳልፍም፤ ማዕዘኖቹን ብቻ ከውስጥ ድፈኑ። የተጠማዘዘ ራውንድሃውስ (በማዞሪያው ዙሪያ የሚቆም ጋራዥ) የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት ማዕዘኑን ከማዞሪያው ጋር አስተያዩ። የፍላይሽማን የኤችኦ ማዞሪያ በ7.5 ዲግሪ ሲከፋፈል፣ የዎልተርስ ራውንድሃውስ በ10 ዲግሪ ነው። ሁለቱን ቀላቅሎ ገዝቶ ሐዲዱን ማስማማት ትልቅ ጣጣ ነው።

መብራቶቹን ጣሪያው ላይ አትለጥፉ። ጣሪያውን የሚሸከሙት አግዳሚዎች ላይ እሰሯቸው። ጣሪያው ሲነሳ ሽቦ አብሮ አይጎተትም፣ ሥራ ያቆመ ሎኮሞቲቭ ለማውጣትም አትቸገሩም።

የፋብሪካ ፖል ጨርሶ አትግዙ አልልም። ተመልካች በቅርብ የሚያየው የሠሌዳው ፊት ለፊት ላይ፣ ከጋራዡ በር አጠገብ፣ አንድ ወይም ሁለት ኦርጂናል ብታቆሙ ገንዘቡ በከንቱ አልሄደም። የቀሩት ከኋላና ከውስጥ ስለሆኑ በእጅ የተሠራው ይበቃቸዋል።

ኤልኢዲ ስታዙ ለእንፋሎት ዘመን ሞቅ ያለውን ነጭ፣ ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን ያለውን ምረጡ። ለኋላ ዘመን ግቢ ብርቱካንማው የሶዲየም መብራትን መልክ ይሰጣል። 24 ከፈለጋችሁ 35 እዘዙ፣ ያውም በአንድ ጊዜ። ከተለያየ ምርት የመጣ ኤልኢዲ ጽሑፉ አንድ ሆኖ ቀለሙ ይለያያል፤ ከወራት በኋላ አንድ ብቻ ለመተካት የምትገዙት ከሌሎቹ ጋር ላይገጥም ይችላል።