የመኪናችሁ ቺንጋ እየወለቀ ላስቸገራችሁ የድሬ ሰዎች፣ መካኒክ አግኝቻለሁ

በቅድሚያ ፈጣሪ ይመስገን፣ ቀጥሎ ሳቢያን ያለው መካኒኬ ይመስገን። ስሙንና ስልኩን እዚህ አላወጣም፤ «እህቴ፣ አደባባይ አታውጪኝ፣ ስልኬ አያስተኛኝም» ብሎኛል። የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ በደስታ እሰጣለሁ። ስለ ስራው ግን ዝም ብል ግፍ ይሆንብኛል። ረዘም ቢልም ታገሱኝ።

የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ፣ ስራዬ ድግስ ነው። ሰርግ፣ መልስ፣ ክርስትና፣ ተዝካር፣ የተጠራሁበት ሄጄ አበስላለሁ፣ አንዳንዴም ቤቴ አብስዬ ጭኜ አደርሳለሁ። ሚኒቫኗን በዕቁብ ገንዘብ የገዛኋትም ለዚሁ ነው። የኋላ ወንበሮቿ ይታጠፋሉ፣ ብረት ድስቶቹ ይደረደራሉ፣ አስተናጋጆቼም ከነጀበናቸው ይቀመጣሉ። እንጀራዬ ናት። ታዲያ ባለፈው በጋ አንድ አመል አመጣች፤ ቺንጋዋን መጣል።

ቺንጋ ለማታውቁ፣ ሞተሩ ፊት ላይ ፑሊ በሚባሉ ብዙ መዘውሮች ላይ እየተጠማዘዘ የሚዞር ረጅም ላስቲክ ነው። የኔዋ ላይ ዲናሞውን፣ የውሃ ፓምፑን፣ የመሪውን ፓምፕ፣ ኤሲውን ሁሉ የሚያዞረው እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ሲወልቅ ሁሉም ባንዴ ይሞታል። የባትሪዋ ቀይ መብራት ትበራለች፣ መሪው ክፉኛ ይከብዳል፣ ኤሲው ሙቅ አየር መንፋት ይጀምራል፣ ካልቆማችሁ ደግሞ የሙቀቱ ጌጅ ሽቅብ ይወጣል። የድሬን ፀሐይ ጨምሩበትና አስቡት።

አሁን ስለ ጋራዦቹ ልናገር። ስም አልጠራም፣ ራሳቸውን ያውቃሉ።

የመጀመሪያው ኮፈኑን ከፍቶ ገና በቅጡ ሳያይ «ቺንጋው አርጅቷል» አለ። ቀየርኩ፣ ከፈልኩ። ብዙም ሳይቆይ ወለቀ። ተመልሼ ስሄድ «የገዛሽው ቺንጋ ኦሪጅናል አይደለም» አይለኝ መሰላችሁ! የገዛሁት እኮ ከራሱ ነው። ሌላው ከሆነ ጣሳ የሆነ ነገር ረጨበት። «ከእንግዲህ አይንሸራተትም» አለ። እውነትም ሲጮህ የነበረው ጠፋ፣ ቺንጋው ግን ከገንደቆሬ ሳልወጣ ከኮፈኑ ስር ተንጠልጥሎ ተገኘ። ሌላው ደግሞ ሞተሩ ይውረድ ብሎ የሚያስደነግጥ ዋጋ ጠራ። አንዱማ ጭራሽ «ይቺ መኪና አልቆላታል፣ ሽጫት፣ ገዢ አለኝ» አለ። አልቆላታል ለተባለች መኪና ገዢ ከየት እንደሚመጣ እስካሁን አልገባኝም።

ከገንዘቡ በላይ ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። ድስት የሚሸከምልኝ ልጅ አለ፣ መንጃ ፈቃድ እንኳን የለውም። የሚያስረዱት ለሱ ነው! እኔ እጠይቃለሁ፣ መልሱ ወደሱ ይሄዳል፣ ምስኪኑ ልጅ ግራ ገብቶት እኔን ያያል። መኪናዋ የኔ፣ የምነዳት እኔ፣ ብሩን ከቦርሳዬ ቆጥሬ የምሰጥ እኔ። አንዱ ጋራዥ ውስጥ «ባልሽን ላኪው» ተብያለሁ። ባሌ ካረፈ ቆይቷል፣ በህይወት ሳለም መኪና አይነዳም ነበር።

እንዲህ ስንከራተት ጥር ገባ። ጥር ደግሞ የሰርግ ወር ነው፣ ስራ አይመለስም። ሐረር ሰርግ ያዝኩና ሌሊቱን ሙሉ ስናበስል አድረን በጠዋት ጭነን ወጣን። መንገዱን ታውቁታላችሁ። ርቀቱ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ነገር ግን ድሬ ከባህር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ሐረር 1,800ን ታልፋለች፣ እና ያን ሁሉ ከፍታ ደንገጎ ዳገት ላይ ነው የምትከፍሉት። ሙሉ ጭነት፣ ኤሲው በርቷል፣ ጥምዝ ላይ መሪውን ሳዞር... ጧ! ቀይዋ መብራት በራች። ከላይ የጫት መኪኖቹ ክላክስ እያደረጉ ይወርዳሉ፣ ከኋላ ዶሮ ወጡ አለ፣ ሐረር ሙሽሮች አሉ። አለቀስኩ፣ አልደብቅም።

አንድ የአይሱዙ ሹፌር አቁሞ ጎማዬ ስር ድንጋይ አስገባልኝና ስልክ ሰጠኝ። «እሱ ካልሰራልሽ ማንም አይሰራልሽም» አለ። ደወልኩ።

አሁን ልብ ብላችሁ አንብቡልኝ፣ ይሄን ጽሁፍ የምጽፈው ለዚህች ብዬ ነው። ሰውዬው መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ገንዘብ አይደለም። «ሞተሩን አጥፍተሻል?» አለኝ። አጥፍቻለሁ። «ጎበዝ። ቺንጋ ከሌለ ውሃው አይዞርም፣ ትንሽ ልንዳ ብለሽ እንዳትሞክሪ፣ ሞተሩን ትቀቅይዋለሽ። ምን ጭነሻል?» የሰርግ ምግብ አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «አቦ፣ ምግቡ ይቅደም። መኪና ብረት ነው፣ ይጠብቃል» አለ።

ራሱ የሚያውቀው የሚኒባስ ሹፌር ጋር ደወለ። ሚኒባሱ ከድሬ ሲመጣ መካኒኩም የቁልፍ ሳጥኑን ይዞ ውስጡ ነበር። ወረደ፣ ድስቶቹን አብሮን አሸጋገረ፣ ነጭ ሸሚዙ ላይ ወጥ ፈሶበት እንኳን አልተቆጣም። ከዚያ «ቁልፉን ስጪኝና አንቺ ወደ ሰርግሽ ሂጂ» አለ። አይቼው ለማላውቀው ሰው መኪናዬን ደንገጎ ላይ ትቼ ልሂድ? የአይሱዙው ሹፌር «በኔ ይሁንብሽ» አለ። ሰጠሁት። ሐረር እየሄድኩ የቁልቢውን ገብርኤል እየተማጸንኩ ነበር፣ ስለ ወጡ ይሁን ስለ መኪናዋ እኔም አላውቅም።

ምግቡ በሰዓቱ ደረሰ። ማታ ላይ ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። «ቺንጋውን መልሼ፣ ኤሲውን ዘግቼ ቀስ ብዬ አውርጃታለሁ። ደህና ናት። ሰርጉ እንዴት ነበር?» ይላል። ሰርጉ እንዴት ነበር! ያን ሁሉ ጋራዥ ስዞር አንድ ሰው እንኳን ውሃ ጠጪ ያላለኝን ሴትዮ ሰርጉ እንዴት ነበር አለኝ።

በማግስቱ ጋራዡ ሄድኩ። ያው ልጅም አብሮኝ ነበር። መካኒኩ ልጁን ሰላም ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «የምትነጂው አንቺ ነሽ አይደል? እስቲ ንገሪኝ፣ ሲወልቅ ምን እያደረግሽ ነበር?» ይሄን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ማንም! እኔ ደግሞ ሁሉንም አውቀዋለሁ። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ አይወልቅም። ባዶዋን ሜዳ ላይ ስነዳት ደህና ናት። ሲሞቅ፣ ኤሲ ሲበራ፣ መሪውን ብዙ ሳዞር ያኔ ነው። ሁሉንም ነገርኩት፣ ሳያቋርጠኝ ሰማ። ከዚያ «የወለቁትን ቺንጋዎች ጣልሻቸው?» አለኝ። እኔ ምንም አልጥልም፣ ኋላ ከድስት ማሰሪያው ገመድ ጋር አስቀምጫቸው ነበር። አውጥቶ መሬት ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቸው። እናንተዬ፣ ሁሉም የተበጣጠሱት በአንድ በኩል ነው! አንዱ ጠርዛቸው ፈትል ፈትል ሆኗል፣ ሌላው ጠርዝ አዲስ ነው። «አየሽ፣ ቺንጋው አይደለም ጥፋተኛው። የሆነ ነገር ወደ አንድ ጎን እየገፋው ነው» አለ። ጀርባቸው ላይ ያለውን ቁጥርም አነበበልኝ። 6ፒኬ የሚለው ስድስት መስመር አለው ማለት ነው፣ ከኋላው ያለው ቁጥር ርዝመቱ በሚሊ ሜትር ነው። እና የተሸጡልኝ ቺንጋዎች ርዝመታቸው አንድ አይደለም! ያገኙትን ነው ሲያስገቡልኝ የነበረው።

ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ ረጅም ካቻቢቴ አወጣ። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ከቦታ ቦታ እየቀየረ ያዳምጥ ጀመር። እዚህ ላይ ደነገጥኩ። አባቴ ምድር ባቡር ነበር የሚሰራው፣ እንደዚሁ ሲያደርግ በልጅነቴ አይቻለሁ። ቤት ውስጥ ሳይቀር የልብስ ስፌት መኪናችን ሲበላሽ ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጠው ነበር፣ እናቴ «አሁን ደግሞ ምን አለህ?» እያለች ትስቅበታለች። ስጠይቀው መካኒኩ ሙያውን የተማረው ከአንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። የባቡር ከተማ ልጅ አይደለን? በፈረንጆቹ 1902 ሐዲዱ እዚህ ባይደርስ ድሬስ መቼ እንዲህ ትሆን ነበር። ብቻ ከዚያ በኋላ ሰውዬውን እንደ ወንድሜ ነው ያየሁት።

ሞተሩን አጠፋ። ቺንጋውን አወለቀና ፑሊዎቹን አንድ በአንድ በእጁ አዞረ። አንዷ ጋ ሲደርስ ቆመና «እጅሽን አምጪ» አለ። «እኔ?» «አንቺ እንጂ ማን?» ጣቴን ፑሊዋ ላይ አስቀመጠልኝ። ነካ ሳደርጋት ትነቃነቃለች፣ እንደ ወላለቀ የልጅ ጥርስ። ምንም የማታዞር፣ ቺንጋውን አቅጣጫ የምታስይዝ ብቻ ትንሽዬ ፑሊ ናት። ውስጧ ያለው ኩሽኔት፣ የምትዞርበት ቀለበት ማለት ነው፣ አልቋል። ሳይሞቅ ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ሲሞቅና ሲከብድባት ዘንበል ትላለች፣ ያኔ ቺንጋው ተንሸራቶ ይወጣል። እንዲህ ነው ያስረዳኝ፣ ከዚህ በላይ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ለምን ሌሎቹ አላዩትም ስለው «ቺንጋው ሳይወልቅ ካየሻት ቀጥ ያለች ትመስላለች» አለ። ስለ ሌሎቹ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረም። እኔ ነኝ የተናገርኩት።

ፑሊዋ ከነኩሽኔቷ ተቀየረች። ትክክለኛ ቁጥሩ ያለው ቺንጋ ገባ። ቀጥ ያለ ብረት ደግኖም ፑሊዎቹ በአንድ መስመር መሆናቸውን አሳየኝ። ሂሳቡን ስሰማ የተሳሳተ መስሎኝ ደግሜ ጠየቅኩ፤ ፑሊዋ አንዱ ጋራዥ ለአንድ ቺንጋ ካስከፈለኝ ያነሰ ነው ያወጣችው! ደንገጎ ለመጣበት ልጨምርልህ ብለው እምቢ አለ። በስንት ልመና በሌላ ቀን ምሳ ወሰድኩለት። ስጋችን ስለማይገናኝ የጾም በያይነቱ ነው የሰራሁለት፣ ሽሮውን ከነድስቱ። ሰራተኞቹ ጨረሱት።

ከዚያ ወዲህ ቺንጋ የሚባል ነገር ረስቻለሁ። ሐምሌ 19 ቁልቢ ሰው ሞልቼ፣ ኤሲ አብርቼ፣ ያንኑ ዳገት ወጥቼ ደህና ገባሁ። ፋሲካንም የሰርጉን ሰሞንም በሰላም ሰርታልኛለች። ሰውዬው አሁንም አልፎ አልፎ ደውሎ «ቺንጋው አለ?» ይለኛል፣ አለ እለዋለሁ፣ እንሳሳቃለን።

ስለዚህ እባካችሁ፣ መኪናችሁ ስትታመም ወደዚህ ሰው ሂዱ። በተለይ ሴቶች፣ በተለይ ጋራዥ ስትገቡ ባልሽን ላኪው የምትባሉ፣ ወደሱ ሂዱ። ይሰማችኋል። ያልተበላሸ ነገር አይቀይርም። ሞተር አውርዱ ተብላችሁ ከሆነም ሳታወርዱ እሱን አማክሩት፣ ምን ትከስራላችሁ? ያለ ወረፋ ይሰራል ግን አልላችሁም፤ ስራ ይበዛበታል፣ አንዳንዴ ያስጠብቃል፣ ታገሱት።

ስትሄዱ ያሮጌውን ቺንጋ አትጣሉት፣ ይዛችሁለት ሂዱ። ቀትር ላይ አትሂዱ፣ እንደ ድሬ ሰው ሁሉ ሙቀቱ እስኪበርድ ያርፋል። አርብ ከጁምዓ በኋላ ነው የሚከፍተው። እኔ ነኝ የላክኋችሁ በሉት። ድግስ ያላችሁ ደግሞ እኔንም አትርሱ፣ ሐረርም ቢሆን እመጣለሁ።