ጉግል ስኮላር ለስታቲስቲክስ ተመራማሪ፦ ቁጥሩ ምን ያህል ይታመናል?

የምርምር ጽሑፎች መፈለጊያው ጉግል ስኮላር ነጻ ነው፣ ሽፋኑም ሰፊ፤ ቅድመ ኅትመቱንም መጽሐፉንም ይለቅማል። ጣጣው ሲለቅም አለመምረጡ ነው። ፕሮፋይልዎ ላይ ራሱ እንዲጨምር ከፈቀዱለት የሞክሼዎን ጽሑፍ ሁሉ ያሸክምዎታል፤ ለውጡን በኢሜይል ልኮ እንዲያስፈቅድዎ ያድርጉት። አንድ ሥራ አርካይቭ (የቅድመ ኅትመት ማከማቻው) ላይም ጆርናል ላይም ለየብቻ ከተመዘገበ የተጠቀሰበት ቁጥር ለሁለት ይከፈላል፤ ሁለቱንም ምልክት አድርገው ያዋህዷቸው። ራስን መጥቀስንም ለይቶ አይቀንስም።

ኤች ኢንዴክሱ ግን ለስታቲስቲክስ ሰው ቆንቋና ነው። ኤች 4 ማለት አራት ጽሑፎች እያንዳንዳቸው ቢያንስ 4 ጊዜ ተጠቅሰዋል፣ አምስት ግን ቢያንስ 5 ጊዜ አልተጠቀሱም ማለት ነው። አምስት ጽሑፎች 4000፣ 30፣ 12፣ 5 እና 3 ጊዜ ቢጠቀሱ ኤች 4 ነው፤ 4000ው 40 ቢሆንም ያው 4! ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱትን ጽሑፎች የሚቆጥረው አይ10 ደግሞ 3 ይላል። ሕክምናውም ግብርናውም የሚሠራበትን ዘዴ ያፈለቀ ሰው በዚህ ሲመዘን ይቀልላል። እኛ ዝርዝሩን በተጠቀሱበት ብዛት ደርድረን ከላይ ያሉትን ሦስቱን እናነባለን።